የብርድ ቀን በጢያና በቡታጅራ

የሮማን ሐውልቶች በፎቶግራፍ ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ፥ በቡታጅራ መንገድ ላይ ያለችውን ጢያን ሳያይ መቅረቱ ያሳፍራል። ካፖርት መልበስ ከወደደም የሐምሌ ብርድ አለለት! ከ36ቱ ትክል ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ሲሆኑ፥ በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል። ሥፍራው የመቃብር ቦታ መሆኑ በቁፋሮ ታውቋል፤ ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ቡታጅራ ሲደርሱ ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ነፋስ እጅ ያደነዝዛል። ያን ጊዜ ነው ክትፎ ማዘዝ! በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ የታሸው ሥጋ ከአይብና ከጎመን ጋር ይቀርባል። አንዳንድ የከተማ ልጅ ቆጮውን ገፍቶ ዳቦ ይጠይቃል፤ ነውር ነው። እንሰቱን ፍቀው፥ በጉድጓድ ቀብረው፥ እስኪብላላ ጠብቀው፥ ጨምቀውና ነፍተው የሚጋግሩት እናቶች ናቸው። ትንሽ ይኮመጥጣል፤ ቅቤው ሲነካው ግን ሌላ እንጐቻ ያስጠራል።