በሬ ተሽጦ ጉልበት ይገዛል?

በግ አርደን ስንበልት የጭኑን አጥንት ጫፍ እናያለን። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭና የሚያዳልጥ ሽፋን አለው። በእኛም ጉልበት ውስጥ እንዲህ ያለ ሽፋን አለ። አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚያደርገው እሱ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ፣ ሸክም ሲበዛ፣ ወይም ጉልበት አንድ ጊዜ ክፉኛ ሲጎዳ ሽፋኑ ይሳሳል። ይሻክራል። ያን ጊዜ ጉልበታችን ያመናል፤ ያብጣል። ጠዋት ስንነሣ አልታጠፍ ይለናል። ዳገቱም ቁልቁለቱም ጭንቅ ይሆንብናል። ብዙዎቻችን ይህን ሕመም ቁርጥማት እንለዋለን።

የሳሳው ሽፋን በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ሐኪሞች ሊያበቅሉት ብዙ ደክመዋል። ከሞከሩት ነገር አንዱ ስቴም ሴል ይባላል።

ስቴም ሴል ምንድን ነው?

ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። ስቴም ሴል ገና ሥራው ያልተለየ ሕዋስ ነው። እንደ ዘር ነው ማለት ይቻላል። እየተራባ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ከሰው መቅኔ፣ ከሆድ ስብ ወይም ከእትብት ይወስዱታል። ከዚያም በመርፌ ጉልበት ውስጥ ያስገቡታል። ተስፋቸው ዘሩ በሳሳው ቦታ እንዲበቅል ነው።

ታዲያ በቀለ ወይ?

በአሜሪካ አገር 475 የጉልበት ሕመምተኞች ተጠኑ። ውጤቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ወጣ። ከፊሎቹ የተለመደውን የስቴሮይድ መርፌ ተወጉ። ሌሎቹ ከመቅኔ፣ ከስብ ወይም ከእትብት የተገኘ ሕዋስ ተወጉ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሁሉም ወገን ሕመሙ ቀነሰ። ነገር ግን ውዱ መርፌ ከርካሹ አልበለጠም።

በ2025 ደግሞ 25 ጥናቶች በአንድነት ተመረመሩ። መርፌው ሕመምን በጥቂቱ ያቀል ይሆናል ተባለ። ይህም ገና በደንብ አልተረጋገጠም።

በደቡብ ኮሪያ ከእትብት ደም የተሠራ አንድ መድኃኒት በ2012 ተፈቅዷል። እሱም በቀዶ ሕክምና የሚገባ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን ለጉልበት ቁርጥማት ብሎ የፈቀደው ስቴም ሴል የለም። ሆኖም እዚያው አገር መርፌው በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። በ2018 እንዲህ ያለ መርፌ የተወጉ 12 ሰዎች ጀርም ገብቶባቸው ሆስፒታል መተኛታቸው ተገለጠ።

እኛስ ምን እናድርግ?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። «ይህ መርፌ ጉልበትህን አዲስ ያደርገዋል» የሚል ሰው ቢመጣ ሦስት ነገር እንጠይቀው። ማን ፈቀደው? በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ጉዳቱስ ምንድን ነው? መልስ ከሌለው ገንዘባችንን እንያዝ።

ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔም አለ።

በርጩማ ላይ እንቀመጥ። አንድ እግራችንን ቀጥ አድርገን እንዘርጋ። እስከ 5 ቆጥረን እናውርድ። 10 ጊዜ እንደጋግመው። ሌላውንም እግር እንዲሁ እናድርግ። በየቀኑ ሲሠራ የጭን ጡንቻ ይጠነክራል፤ ጉልበትን ይደግፋል።

ያመመን ቀኝ ጉልበት ከሆነ ምርኩዙን በግራ እጅ እንያዝ። የግራው ከሆነ በቀኝ እጅ እንያዝ።

ውፍረት የበዛበት ሰው 1 ኪሎ ቢቀንስ በየእርምጃው ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ሸክም ይወርድለታል።

ጉልበት በድንገት አብጦ ቢግል፣ ትኩሳትም ቢኖር ግን ቤት አንቀመጥ። በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ሳይንስ ሥራውን አላቆመም። ዘሩ አንድ ቀን ይበቅል ይሆናል። እስከዚያው ግን ሳናነብና ሳንጠይቅ በሬያችንን ገበያ አናውጣ። በሬው ከሄደ፣ ጉልበታችን ቢድንስ በምን እናርሳለን?