48 ሰዓትና ሌሎች የመጀመሪያ መንፈቅ ትምህርቶች

ልደታ በሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ችሎት ለመጀመሪያ ጊዜ የታደመ ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ብሎት ይወጣል። የጦፈ ሙግት እሰማለሁ ብሎ መጥቶ የሚሰማው «ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም»፣ «ከሳሽ ለመክሰስ ችሎታ የለውም»፣ «ክሱ በይርጋ ታግዷል» የሚል ነው። ብድሩ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሳም። እነዚህ ክርክሮች የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይባላሉ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 244 ዘርዝሯቸዋል። ጥሩ የሚመስል ክስ ፍሬ ነገሩ ሳይነካ እዚሁ ላይ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል።

ሕግ ትምህርት ቤት የገባ ወጣትም በመጀመሪያው መንፈቅ ያው ቅሬታ ይሰማዋል። ነፍሰ ገዳይ፣ ምስክር፣ መስቀለኛ ጥያቄ ጠብቆ ነበር። የሚሰጠው ግን የሕግ መግቢያ፣ የሰዎች ሕግ፣ የሕግ ታሪክ፣ ሕገ መንግሥት፣ የሕግ ጽሑፍ ነው። ዝርዝሩና ቅደም ተከተሉ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንደ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦናና ጂኦግራፊ ያሉት የጋራ ኮርሶች ቀድመው ይመጣሉ። የሕግ ኮርሶቹን ልደታ ላይ ቆሞ ለሚያያቸው ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ችሎቱ ከሁሉ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንተ ማን ነህ? ለምን እዚህ መጣህ? የትኛው ሕግ ይገዛሃል? ይርጋ ብቻ ነው ለኋለኞቹ ዓመታት የሚቆየው።

ከሁሉም እኔን የሚማርከኝ የሰዎች ሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ3,300 በላይ አንቀጾች አሉት፤ የሚጀምረውም ሰው ከመወለዱ አንስቶ እስኪሞት የመብት ባለቤት መሆኑን በመደንገግ ነው። ይህን ማን ያጣዋል ብሎ ገጹን የሚያልፍ ተማሪ አንቀጽ 2 እና 4 ላይ ይደናቀፋል። ገና በማሕፀን ያለ ፅንስ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል፤ ይህ የሚሆነው ግን በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል ሆኖ ሲገኝ ነው። ለመኖር መቻሉ የሚለካው በ48 ሰዓት ነው።

አንድ ሰው ሚስቱን ነፍሰ ጡር ትቶ ሞተ እንበል። ሌላ ልጅ የለውም፤ ኑዛዜ አልተወም፤ የግሉ የሆነ የባንክ ገንዘብ አለው። በሕጋችን ሚስት ያለ ኑዛዜ ባሏን አትወርስም፤ የሚደርሳት ከጋራ ንብረቱ ድርሻዋ ነው። ሕፃኑ ተወልዶ ሦስት ቀን ቆይቶ ቢሞት፣ ገንዘቡ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ደግሞ ወደ እናት ይሄዳል። በተወለደ በ40 ሰዓቱ ቢሞት እንዳልተወለደ ይቆጠርና ገንዘቡ ለሟች ወላጆች ይሆናል፤ አሟሟቱ ከተፈጥሮ አቅም ማነስ ሳይሆን ከሌላ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ነገሩ እንደገና ይገለበጣል። በአንድ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሁለት ቤተሰቦች በአዋላጇ መዝገብ ላይ በተጻፈ ሰዓት ይካሰሳሉ። መምህራን ይህን ምሳሌ በየዓመቱ ቢያነሱ አልፈርድባቸውም።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ክብር መዝገብ ረጅም ምዕራፍ ጻፈ፤ ግን በመሸጋገሪያ ድንጋጌው ምዕራፉ በትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ አይሠራም አለ። ትእዛዙ ሳይመጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የብዙ ኢትዮጵያዊ የልደት ማስረጃ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ አለዚያም «ያኔ ድርቁ ሲገባ ነው የወለድኩት» የሚል የእናት ቃል ነበር። በወንጀል ሕጉ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው በተለየ ሥርዓት ይዳኛል። ስለዚህ ፖሊስ አሥራ ስድስት፣ እናት አሥራ አራት ሲሉ ፍርድ ቤቱ ልጁን ወደ ሐኪም ይልካል።

ስለ ስም የተደነገገውን አንስቼ ልለፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው አስበው ነበር። ሕዝቡ ግን ዛሬም የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ አንቀጾቹ ከስድሳ ዓመት በኋላም የወረቀት ጌጥ ናቸው። በአንጻሩ መጥፋትን የሚመለከተው ክፍል በየዓመቱ ሥራ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ መጠየቅ ይቻላል፤ ሲታወጅም ጋብቻው ይፈርሳል፣ ወራሾቹ ንብረቱን ይረከባሉ። በበረሃና በባሕር አድርጎ የወጣ ልጅ ያላት እናት ይህ አንቀጽ ምን እንደሚል ከተማሪው ቀድማ ታውቃለች።

የሕግ መግቢያው ኮርስ ደረቅ ነው፤ መደበቅ አይቻልም። የሕግ ምንጭ፣ የአዋጅና የደንብ ልዩነት፣ የፍርድ ቤት እርከን። ያለ እሱ ግን ልደታ ግራ ያጋባል። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የፍርድ ቤት ሥርዓቶች ጎን ለጎን አሉ፤ የፌደራሉና የከተማው አስተዳደር። ስሙን ማስለወጥ የፈለገ ሰው ልደታ ቢሰለፍ ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ይመልሱታል። በፌደራሉ ውስጥም በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 በገንዘብ መጠን የሚለኩ የፍትሐ ብሔር ክሶችን በ10 ሚሊዮን ብር ላይ ለሁለት ከፍሏቸዋል፤ ከዚያ በታች ያለው ለመጀመሪያ ደረጃ፣ በላይ ያለው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት። ቀድሞ ልኩ 500,000 ብር ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ስለሚያስገድድ፣ ሕጉን ብቻ ሸምድዶ የሰበር ቅጾችን ያላነበበ ተማሪ ግማሹን ነው የሚያውቀው።

ሕገ መንግሥት ላይ ተማሪውን የሚያስደነግጠው አንድ ነገር ነው፤ ዳኛው ሕገ መንግሥቱን አይተረጉምም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቶታል። እንዲህ ያለ ክርክር ከተነሳ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ያልፋል። በአሜሪካ ፊልም ያደገ ልጅ ይህን ለመቀበል ሳምንታት ይፈጅበታል።

የሕግ ታሪክ እንደ ተረት ስለሚነገር ይወደዳል። ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ሌባ እስኪገኝ አገሬው የሚታገትበት አውጫጭኝ፣ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ሌባ የሚፈልግበት ሌባ ሻይ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው የሚሄዱበት ዘመን፣ ባለጉዳዮች በቃል ግጥሚያ የሚሟገቱበት በላ ልበልሃ። የ1952ቱ ሕግ በአንቀጽ 3347 እሱ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ በጅምላ ሻረው። የችሎቱ ወግ ግን አልተሻረም፤ ልደታ ውስጥ ያለ ጠበቃ የቆመ ባለጉዳይ ሲናገር የሚሰማ ሰው፣ የበላ ልበልሃን ቅኝት ዛሬም ያገኘዋል።

የሚቀረው የሕግ ጽሑፍ ነው፤ ከሁሉ የማዝንበትም እሱ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የልደታ ክስ፣ መልስ፣ ትእዛዝና ፍርድ ግን በአማርኛ ነው፤ በነጋሪት ጋዜጣም ሁለቱ ቅጂዎች ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ድርሰት ማርክ ያገኘ ምሩቅ «ከሳሽ የጠየቀው ዳኝነት» የሚለው ላይ እጁ ይቆማል። ብዙዎቹ የክስ አማርኛን የሚማሩት ሥራ ከያዙ በኋላ፣ አሮጌ መዝገብ እያገላበጡ ነው። ጥቂት ብልሆች ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጠው አቤቱታ ከሚጽፉት አዛውንቶች አጠገብ ወንበር ስበው ይጠይቃሉ።