የዝናቡ ውኃ ወዴት ይሄዳል?

የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ ትገኛለች። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ከጣራው፣ ከግቢውና ከመንገዱ ተሰብስቦ ቁልቁል ይፈሳል፤ በመጨረሻም ወደ ዐባይ ገባሮች ይወርዳል። መውረጃ ካልተበጀለት ግን ራሱ መንገድ ያወጣል፤ በየሜዳው የወደቀውንም ዐይነ ምድርና ጥራጊ እየጠረገ ወደ ምንጭና ወደ ጕድጓድ ያገባል። ተቅማጥ፣ የአንጀት ተስቦና ኮሌራ የሚዛመቱበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ከሁሉም በፊት የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ የጐርፍ መውረጃ ቦይ የመሐንዲስ ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጕዳይ መሆኑን ለአንባብያን ማስረዳት እንወዳለን።

ቦይ መሥራት ብቻውን ግን አይበቃም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የለንደን ከተማ የቤቱን ፍሳሽ ሁሉ በቦይ ወደ ቴምዝ ወንዝ አስገባች፤ ከዚያው ወንዝ ደግሞ ብዙው ሕዝብ ይጠጣ ነበርና ኮሌራ ሕዝቡን ፈጀው። ሐኪሙ ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ በማስረጃ አሳየ። በ1858 የወንዙ ግማት እስከ ምክር ቤቱ አዳራሽ በደረሰ ጊዜ፣ ሥራው ለአንድ የከተማ ቦርድ ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶ በመሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት መሪነት ፍሳሹ ከከተማው በታች እንዲወርድ ተደረገ።

በአገራችንም ይኸው ስሕተት በትንሹ ይደገማል። ስሟን በማንጠራት አንዲት የደጋ ከተማ በድንጋይ የተገነባ ያማረ ቦይ ተመልክተናል። ቦዩ ከመጨረሻው ቤት ግድግዳ አጠገብ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው የገበሬ ማሳ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ሰው ቆሞ የማይታይበት ቦረቦር ሆኗል፤ ከቦረቦሩ ሥር ያለው ምንጭም ደፍርሷል። ሥራውን የተረከቡት ሰዎች ቦዩን በሜትር ለክተው ፈርመዋል፤ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ይህን መጠየቅ የከተማ ምክር ቤት ተግባር ነው። የከተማ አስተዳደር በሕግ መደራጀት የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 74 የማዘጋጃ ቤቶችን አስተዳደር የወሰነው በ1937 ዓ.ም. ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለ ደረቅ ቆሻሻ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513ም የከተማ አስተዳደሮችን ኃላፊ አድርጎ ነበር።

የምክር ቤቱ ቁጥጥር በሦስት ጊዜ ይከፈላል።

1ኛ፤ ከሥራው በፊት። ፕላን ሲቀርብ ከዋጋውና ከርዝመቱ አስቀድሞ የቦዩ መጨረሻ ይጠየቅ። ከታች ያለው ገበሬ ተጠርቶ ይሰማ፤ ቃሉም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

2ኛ፤ በሥራው ጊዜ። ቁልቁለቱ ካነሰ ውኃው ይተኛል፣ ደለልም ይሞላዋል። መንገድና መናኸሪያ ሲሠራም ከመንገዱ በታች የሚቀበረው ቱቦ የክረምቱን ጐርፍ ለማሳለፍ የሚበቃ መሆኑ ይመርመር። ጠባብ ቱቦ ውኃውን መልሶ በሰው ደጅ ያስተኛዋልና።

3ኛ፤ ከርክክብ በኋላ። በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ቦዩን ለማስጠረግ በበጀት ገንዘብ ይመደብ። የወጣው ደለል ከቦዩ ዳር መከመር የለበትም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቦታው ይመልሰዋልና።

መምህራን ሆይ፤ ዝናቡ ካባራና ጐርፉ ከጐደለ በኋላ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ የውኃውን መንገድ ከትምህርት ቤቱ ደጅ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚሸከም፣ ከማን ማሳና ከየትኛው ምንጭ እንደሚደርስ በካርታ አስነሥታችሁ ለምክር ቤቱ አቅርቡ። የከተማው ነዋሪም ጥራጊውን ወደ ቦይ ከመጣል ይከልከል፤ የተደፈነ ቦይ ካልተሠራ አይሻልም።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ዛሬ በአካፋ የሚመለስ ጐርፍ ቦረቦር ካወጣ በኋላ በብዙ ገንዘብም በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባ ስለ ማንኛውም መንገድና ቦይ ሲነገር እጃችሁን አንሥታችሁ፣ «ውኃው ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እናሳስባለን።