የወተት ላም ቁመና ምን ይነግረናል?

አንድ ቤተሰብ የወተት ላም ለመግዛት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የዓመታት ቁጠባውን በአንድ ቀን ያወጣል። ይሁንና ግዢው ባመዛኙ የሚፈጸመው በዓይን ግምት ነው። ገዢው ላሚቱን ዞሮ ያያል፣ ግቷን ይዳስሳል፣ የሻጩንና የደላላውን ቃል ይሰማል፤ ከዚያም ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል። ለመሆኑ ከላሚቱ ቁመና ተነሥተን ስለ ወተቷ ምን ያህል ማወቅ እንችላለን? በዚህ ጽሑፍ ዓይን ሊያውቀው የሚችለውንና የማይችለውን ለይተን ለማሳየት እንሞክራለን።

የጌኖን «መስተዋት»

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንሷ ጌኖን የተባለ ፈረንሳዊ የአንዲትን ላም የወተት መጠን በማየት ብቻ ለማወቅ የሚያስችል ምልክት ማግኘቱን አስታወቀ። ምልክቱ ከግቷ በስተኋላ፣ በሁለቱ ታፋዎች መካከል ወደ ላይ ያደገው ጸጉር የሚሠራው ቅርጽ ነበር። ይህ «የወተት መስተዋት» ሰፊ ከሆነ ወተቷም ብዙ ነው ተባለ። ሐሳቡ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ተከታዮች አገኘ። የላሞች ወተት እየተለካ መመዝገብ ሲጀምር ግን የጸጉሩ ቅርጽና የወተቱ መጠን እንደማይገናኙ ታወቀ።

ከሆድ ሥር ተጋድሞ ወደ ደረት የሚሄደው «የወተት ሥር» የሚባለው የደም ሥርም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ሥሩ የሚሸከመው ወተት ሳይሆን ከግት ወደ ልብ የሚመለስ ደም ነው። አንድ ሊትር ወተት ለመሥራት ከ400 እስከ 500 ሊትር የሚደርስ ደም በግት ውስጥ ማለፍ ስላለበት ሥሩ መወፈሩ ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ ዕድሜና ተደጋጋሚ ወሊድም ሥሩን ያወፍሩታል። ስለዚህ በእርሱ ውፍረት ሊትር መቁጠር አይቻልም።

የቆዳ ቀለምም እንዲሁ ነው። ጥቁርና ነጭ ቡሬ የሆነች ላም «የፈረንጅ ደም አላት» ተብላ በውድ ትሸጣለች። ነገር ግን የቆዳ ቀለም በጥቂት ጂኖች ሲወሰን፣ የወተት መጠን የሚወሰነው እያንዳንዳቸው ትንሽ ድርሻ ባላቸው እጅግ ብዙ ጂኖች ነው። ዲቃላ ጥጃ የአባቷን ቀለም ወርሳ የወተት ችሎታውን ብዙም ላትወርስ ትችላለች።

ግት

ታዲያ ቁመናን ማየት ከንቱ ነው? አይደለም። ቁመና ላሚቱ ምን ያህል እንደምትሰጥ በትክክል ባይነግረንም፣ ሰውነቷ ለዓመታት መታለብን ይችል እንደሆነ ይነግረናል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባውም ግቷ ነው።

ግት አራት የተለያዩ ክፍሎች አሉት። የአንዱ ክፍል ወተት ወደ ሌላው አያልፍም፤ አንዱ በበሽታ ከደረቀ ላሚቱ የምትታለበው በሦስት ጡት ብቻ ነው። ግቱን ከሰውነት ጋር አንጠልጥለው የያዙት ጅማቶች ናቸው። ከእነርሱ ዋነኛው በመካከል የሚያልፈው ሲሆን፣ ጥንካሬው ከበስተኋላ ሲታይ ግቱን ለሁለት በሚከፍለው ስርጉድ መሥመር ይታወቃል። ይህ ጅማት ሲላላ ግቱ ከቋንጃ በታች ይወርዳል፤ ጡቶቹም ወደ ጎንና ጎን ይበተናሉ። እንዲህ ያለ ግት በጭቃ ይቆሽሻል፣ ይረገጣል፣ ለግት በሽታም ይጋለጣል።

እንግዲህ መልካም ግት ወለሉ ከቋንጃ በላይ የሆነ፣ ከፊት ከሆድ ጋር በሚገባ የተያያዘ፣ ጡቶቹም ተመጣጣኝና ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚያመለክቱ ነው። እያንዳንዱን ክፍል በእጅ ስንዳስስ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ሕመም ሊኖር አይገባም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠብታዎች በጥቁር ዕቃ ላይ አልበን ብናይ ደግሞ የረጋ ቅንጣት ወይም ደም ካለ ወዲያው ይታያል።

በገበያ ቀን የተወጠረ ግት ግን ሊያታልለን አይገባም። ላሚቱ ሳትታለብ ቆይታ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ግት ከታለበ በኋላ ለስልሶ ይሸበሸባል፤ ታልቦም ተወጥሮ የሚቀር ከሆነ የሞላው ወተት በሚሠራ ዕጢ ሳይሆን በሌላ ሥጋ ነው።

እግር፣ ዳሌና ሆድ

እግሯን ያመማት ላም ብዙ ትተኛለች፣ ጥቂት ትበላለች፤ ወተቷም ይቀንሳል። ስለዚህ በጠንካራ መሬት ላይ አስኪዶ ማየት ያስፈልጋል። የኋላ እግሮች ከበስተኋላ ሲታዩ ትይዩ፣ ከጎን ሲታዩ ደግሞ መጠነኛ እጥፋት ያላቸው መሆን አለባቸው። ሰፊና ወደ ኋላ በመጠኑ ያዘቀዘቀ ዳሌ ወሊድን ያቃልላል። የተራራቁ ጎድኖችና ጥልቅ ሆድ ብዙ መኖ ለመያዝ ይመቻሉ። ዕድሜን በተመለከተ ጥርስ ይረዳናል፦ ከብት ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ከታች ካሉት ስምንት ጥርሶች የመጀመሪያው ቋሚ ጥንድ በሁለት ዓመት ገደማ፣ የመጨረሻው በአራት ዓመት ገደማ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የቦረና ወይም የፎገራ ላም ግት ከፍሪዥያን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መሆኑ ጉድለት አይደለም። ከአገራችን ላሞች ብዙዎቹ ጥጃቸው ቀድሞ ካልጠባላቸው ወተታቸውን አይለቁም፤ ወተት የሚያስለቅቀው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን የሚመነጨው በጥጃው ቀስቃሽነት ነውና። እያንዳንዷን ላም ከዝርያዋ ጋር ማወዳደር ይገባል።

ዓይን በማይደርስበት

የወተቱን መጠን ለማወቅ ያለው መንገድ መለካት ነው። ወደ ሻጩ ቤት ሄደን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ላሚቱ በፊታችን ሙሉ በሙሉ ትታለብ። ይህን ወተት አንቆጥረውም፤ በስንት ሰዓት እንደተጠራቀመ አናውቅምና። በማግሥቱ ጠዋት 12 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት የታለበው ሲደመር ግን የአንድ ቀን ወተት ይሆናል። እንግዳ ሰው ሲከባት የምትደነግጥ ላም ወተቷን ስለምትከለክል ራቅ ብሎ መቆም ይበጃል። የወለደችበትንም ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወተት ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 8 ባሉት ሳምንታት ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርስና ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ወር የተለካ 10 ሊትርና በስምንተኛው ወር የተለካ 10 ሊትር እኩል አይደሉም።

በሽታም እንዲሁ ከዓይን ይሰወራል። የከብት ቲቢና ብሩሴሎሲስ የያዛት ላም ጤነኛ መስላ ልትታይ ትችላለች፤ ሁለቱም ባልፈላ ወተት አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። የመጀመሪያው ውጤቱ ከ72 ሰዓት በኋላ በሚነበብ የቆዳ ምርመራ፣ ሁለተኛው በደም ምርመራ ይታወቃሉ። የእንስሳት ሐኪም የሚከፈለው ዋጋ ከላሚቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

የእንስሳት እርባታ ባደገባቸው አገሮች የሠለጠኑ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ ግን የሚቀመጠው ከወተቱ መዝገብ ጎን እንጂ በመዝገቡ ምትክ አይደለም። እኛም በዓይናችን የላሚቱን ጥንካሬ፣ በመለኪያ ዕቃ ወተቷን፣ በሐኪም ጤንነቷን እንመርምር። ሻጩ ላሚቱን ለማስለካትና ለማስመርመር ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ቁመናዋ የቱንም ያህል ቢያምር ሌላ ላም መፈለግ ይሻላል።