አንዲት ዘፋኝ እንደ ብዙ ዘፋኞች

አሜሪካዊው ጊታር መቺ ሌስ ፖልና ባለቤቱ ሜሪ ፎርድ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ያወጡትን «ሃው ሃይ ዘ ሙን» የተባለ ዘፈን የቀረጹት በቤት ውስጥ ነበር። ሜሪ አንዱን ድምፅ ዘፍና ካበቃች በኋላ፣ መሣሪያው ያንኑ እያሰማ ሁለተኛውን ትደርብበታለች፤ በዚህም ዓይነት አንዲቱ ሴት የብዙ ዘፋኞች ማኅበር መስላ ትሰማለች።

ሥራው ግን የሚያስፈራ ነበር። አዲሱ ሲቀረጽ አሮጌው ስለሚጠፋ፣ በመጨረሻው ድርብ ላይ አንዲት ቃል ብትሰናከል የቀደመው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ለነጋዴ ቅጂ በሌለው መዝገብ ሒሳብ እንደ መያዝ ያለ ነው። ዘፈኑ በአሜሪካ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆነ።

በ1957 ዓ.ም. አምፔክስ ኩባንያ ስምንት ድምፅ ለየብቻው የሚይዝ መሣሪያ በ10,000 ዶላር ሸጠለት። ዛሬ ይህንኑ ተራ ኮምፒዩተር ይሠራዋል፤ ደንበኛ ገንዘቡን የሚያወጣው ለማይክሮፎኑ ነው።