ያውቁ ኖሯል? የቤቱ ፊደልና የቤቱ ብርድ

ለንደን ወይም ማንችስተር ቤት ሲፈልግ የከረመ ሰው ማስታወቂያው ላይ ያቺን ባለቀለም መሰላል ሳያያት አይቀርም። ላይዋ አረንጓዴ፣ ታቿ ቀይ፣ ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በፊደል የተደረደረች ናት። ኢፒሲ ይሏታል፤ የቤት የኃይል ቆጣቢነት ሰርተፍኬት ማለት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ቤት የሚያከራይ ሁሉ ለተከራዩ በነፃ ሊሰጠው ይገባል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊደሉን ያወጣው ቆጣሪ አለመሆኑን ያውቁ ኖሯል? ገምጋሚው ቤቱን ይዞራል፣ ይለካል፣ ቦይለሩንና መስኮቱን ያያል፣ ያየውንም ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባል። ከ1 እስከ 100 ያለውን ነጥብ የሚያሰላው ፕሮግራሙ ነው። ቀደም ሲል የኖረው ተከራይ ስንት የጋዝ ሒሳብ እንደከፈለ የሚጠይቅ የለም። ፕሮግራሙ የራሱ የሐሳብ ቤተሰብ አለው፦ ሳሎኑን 21 ዲግሪ፣ ሌላውን ክፍል 18 ዲግሪ ገደማ የሚያሞቅ፣ በየቀኑ ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ማሞቂያ የሚያበራ። እንዲህ በሥርዓት የሚሞቅ ቤተሰብ እኔ በበኩሌ አላጋጠመኝም። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ወይም አራስ ያለበት ቤት ከዚህ ስሌት ውጭ ነው።

የእንጀራ ምጣድዎስ? እሱም የለበትም። ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው የዓመት ወጪ የማሞቂያ፣ የሙቅ ውሃና የአምፖል ብቻ ነው፤ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ልብስ ማጠቢያው አልተቆጠሩም። ዋጋውም ሰርተፍኬቱ በወጣበት ጊዜ የነበረው ነው። በ2019 የወጣ ከሆነ የ2022ቱ የኃይል ዋጋ ንረት ገና ያልነካው ቁጥር እያነበቡ ነው።

ሰርተፍኬቱ 10 ዓመት እንደሚያገለግልስ ያውቁ ኖሯል? በነዚያ ዓመታት ቦይለሩ አርጅቶ ይሆናል፣ ወይም ከኋላ አንድ ክፍል ተቀጥሎ ይሆናል። ፊደሉ ግን ባለበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሰርተፍኬቱን መካከል ያነበበ ሰው አንዲት ቃል ደጋግማ ስትመጣ ያያል፦ «አሱምድ»። ከግድግዳው፣ ከወለሉ ወይም ከጣሪያው መግለጫ ኋላ በቅንፍ ተሸጉጣ ትቀመጣለች። ትርጉሟ «እንዲህ ይሆናል ብለን ገምተናል» ነው። ገምጋሚው ግድግዳ አይሰረስርም፣ ወለል አያነሳም። ሙቀት የሚይዝ ኢንሱሌሽን መኖሩን በዐይኑ ካላየና ማስረጃ የሚሆን ወረቀት ካልቀረበለት ቤቱ የተሠራበትን ዘመን ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙም ለዚያ ዘመን ቤቶች የተመደበውን ባሕርይ ያለብሰዋል። የ1900 የጡብ ቤት ከሆነ ግድግዳው እርቃኑን ነው ተብሎ ይቆጠራል፤ የ1990ዎቹ ከሆነ ደግሞ ኢንሱሌሽን አለው ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ስህተቱ ወደ ሁለቱም ወገን ይሄዳል። ባለቤቱ ገንዘብ አፍስሶ ግድግዳውን አልብሶ ደረሰኙን የጣለበት ቤት ከፊደሉ ሊሻል ይችላል። ሥራው የተዝረከረከው ቤት ደግሞ በዘመኑ ስም ያልለፋበትን ነጥብ ይበላል። ቃሏ ስትበዛ ፊደሉን ከልኬት ይልቅ ከግምት ጋር ይደምሩት።

ታዲያ ግምቱ ምን ያህል ይሳሳታል? የሊድስ ቤኬት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት በመዝገቡ ካሉት ሰርተፍኬቶች 27 በመቶው ቢያንስ አንድ የስህተት ምልክት እንዳለባቸው ጽፈዋል። የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የ2023 ጥናት ደግሞ በጋዝ የሚሞቁ 1,374 ቤቶችን ትክክለኛ ፍጆታ ከሰርተፍኬታቸው ጋር አስተያየ። «ሲ» ያላቸው ቤቶች ከተገመተው በ8 በመቶ፣ «ኤፍ» እና «ጂ» ያላቸው ደግሞ በ48 በመቶ ያነሰ ኃይል ሲጠቀሙ ተገኙ። ሰዉ ብርዱን ችሎ ስለቆጠበ ነው እንዳይባል፣ እንደ ፕሮግራሙ ግምት በሚያሞቁት ቤቶችም ልዩነቱ አልጠፋም።

ፊደሉ ሙቀት ሳይሆን ገንዘብ እንደሚለካ ያውቁ ኖሯል? ነጥቡ የሚሰላው ለማሞቂያ፣ ለሙቅ ውሃና ለአምፖል በካሬ ሜትር በሚወጣው ወጪ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አፓርታማ ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው ኤሌክትሪክ ከጋዝ ስለሚወደድ ነው። ሰፊ ቤት «ሲ» ቢሆን እንኳ ከጠባብ «ዲ» ስቱዲዮ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

ደስ የሚለው፣ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው። በመንግሥት ድረ ገጽ ፖስት ኮዱን ብቻ አስገብተው፣ አከራዩን ሳያስቸግሩ፣ ያለ ክፍያ ያነባሉ፤ የገምጋሚው ስምና የጎበኘበት ቀን ሳይቀር አለ። የዚያው ቤት የቀድሞ ሰርተፍኬቶችም አብረው ይዘረዘራሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። ባለፈው ዓመት «ኤፍ» የነበረ ቤት ዘንድሮ «ኢ» ከሆነ ምን እንደተለወጠ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው፦ አዲስ ቦይለር ነው? ወይስ ግድግዳው ባለበት አገላለጹ ብቻ ነው የተለወጠው?

ይህ ጥያቄ በከንቱ አይደለም። ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ከግዴታው ነፃ መሆኑ ካልተመዘገበለት በስተቀር ከ«ኢ» በታች ያለ ቤት ማከራየት አይፈቀድም፤ ቅጣቱ እስከ 5,000 ፓውንድ ይደርሳል። «ኢ» የሚጀምረው በ39 ነጥብ ነው። ልክ 39 ላይ ያረፈ ቤት ሲያጋጥምዎ ገጹን ሁለቴ ያንብቡት።

ጀርመን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰርተፍኬት እንዳለስ ያውቁ ኖሯል? አንዱ እንደ እንግሊዙ በስሌት የሚወጣ ነው። ሌላው የሚወጣው ያለፉት ሦስት ዓመታት ነዋሪዎች ካቃጠሉት ነው፤ በሹራብ የሚኖሩ ቆጣቢ ሽማግሌዎች የነበሩበት ሕንፃ ስሙ ያምራል። ሁለቱም ለሕንፃው እንጂ ለእርስዎ አፓርታማ አይወጡም። ማስታወቂያው የትኛው ዓይነት እንደሆነ መግለጽ አለበት።

ፈረንሳይ እስከ 2021 ድረስ ለአንዳንድ አሮጌ ቤቶች ከሒሳብ ደረሰኝ ተነሥታ ፊደል ትሰጥ ነበር፤ ደረሰኝ ከሌለ ባዶ ሰርተፍኬት ይወጣ ነበር። ከዚያ ዓመት ሐምሌ ወዲህ ያ ቀርቶ ሰርተፍኬቱ ሕጋዊ ክብደት አገኘ፤ ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ተከራይ አከራዩን መጠየቅ ይችላል። ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ «ጂ» የሆነ ቤት እንደ አዲስ አይከራይም።

መጨረሻ፣ ለአዲስ መጪው፦ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ተጋርቶ አንድ ክፍል ብቻ ለሚከራይ ሰው በእንግሊዝ ለክፍሉ ተብሎ የሚወጣ ሰርተፍኬት የለም። የሚያሳዩት የሙሉው ቤት ከሆነ፣ ከወጥ ቤቱ ኋላ በቅጥያ የተሠራችው፣ ሦስት ግድግዳዋ ለነፋስ የተሰጠችው ክፍል የእርስዎ መሆኗን ፊደሉ አያውቅም።