አመዳይና አንቀልባ

እናቴ ያረፍንበትን ጎጆ መጋረጃ ገልጣ የነጣውን ጫካ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና «ይኼማ አመዳይ ነው» አለች። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ሰው ናት። ውርጭ በአንድ ሌሊት ማሳ ሲያቃጥል አይታለች። ብርድ አይገርማትም፤ የገረማት ሰው ብርድን ፈልጎ፣ ከፍሎ፣ ሕፃን ይዞ መሄዱ ነው።

የገና ማግስት ነበር ከዴንቨር ተነስተን ወደ ኤስተስ ፓርክ ከተማ የወጣነው። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ እኔና ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጃችን። ከኋላ ከበዓሉ የተረፈ ዶሮ ወጥ፣ እንጀራ፣ ሁለት ጋቢና አንድ አንቀልባ ጭነናል። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ከሕፃን ጋር ሦስት ሰዓት ፈጀብን።

ልጄን መኪና ውስጥ ሳስቀምጣት ወፍራም ካፖርቷን ሳወልቅባት እናቴ ተቆጣች። ምክንያቱን ነገርኳት፦ መኪና ሲጋጭ በካፖርቱ ውስጥ ያለው አየር ይጨፈለቃል፣ ጥብቅ የመሰለው ቀበቶ ይላላል፣ ልጅ ከመሃሉ ሊሾልክ ይችላል። መጀመሪያ ቀበቶው በስስ ልብስ ላይ ይታሰራል፤ የሚያሞቀው ነገር ከዚያ በላዩ ነው። «ታዲያ ጋቢ ምን ይሠራል?» አለችና የራሷን አውልቃ አለበሰቻት።

ኤስተስ ፓርክ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር ትቀራረባለች፣ ደብረ ብርሃን ግን በ500 ሜትር ያህል ትበልጣታለች። በረዶው እዚህ የሚከመረው ቦታዋ ከምድር ወገብ 40 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለራቀ ነው፤ የጥር ፀሐይ ዝቅ ብላ ወጥታ ቶሎ ትጠልቃለች። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ የሚጠናው ደመና በሌለበት የበጋ ሌሊት ነው። ነጋ ሲባል ፀሐይዋ ውርጩን ታነሣዋለች።

በማግስቱ ከከተማዋ አጠገብ ባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደሚገኘው ስፕራግ ሐይቅ ሄድን። ሐይቁን የሚዞረው መንገድ ሜዳ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ቢሆን ነው። ልጄ ግን መንገድ አታውቅም፤ የምታውቀው በእግሯ ስር ያለውን ነው። እያንዳንዱን ጭራሮ አነሳች። በረዶ ቀመሰች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ አጠለቅንላት፣ ደግማ አወለቀች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቿ ቀልተው እሪ አለች።

«አምጪያት» አለች እናቴ። መንሸራተቱን ፈርቼ ነበር፤ ደግነቱ ጫማዋ ላይ የብረት ጥርስ ያለው ጎማ አጥልቀንላታል። ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። አንቀልባውን አጠበቅኩ፣ ጋቢውን ከላይ ጣልኩ። ልጄ ጉንጯን አያቷ ትከሻ ላይ ለጥፋ ጸጥ አለች። እንዲህ እርስ በርስ የሚያሞቅ ነገር በስንቱ የስፖርት ልብስ መደብር ፈልጌ አላገኘሁም። ስንመለስ ቀንዳቸውን የተሸከሙ ትልልቅ አጋዘኖች ከመንገዱ ዳር ይግጣሉ። ሕጉ ከሃያ ሦስት ሜትር በላይ ራቁ ይላል፤ እናቴ ግን «ከበሬ ይበልጣል» እያለች ከዚያም ራቀች።

ማታ ቡና አማራት፤ ከሰል ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ ፈጽሞ እሺ አላልኩም። በተዘጋ የእንጨት ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው መርዝ ቤተሰብ በእንቅልፉ ይገድላል፤ እንደደረስን መጀመሪያ የፈተሽኩትም የዚህን ጋዝ ማንቂያ ደወል ነበር። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ተቆላ። ዕጣኑ ቀረ፤ ሦስተኛው ስኒ ግን አልቀረም።

ለልጄ እስከዚያ ቀን በረዶውን በእንግሊዝኛ «ስኖው» እያልኩ ነበር የማሳያት፤ ይህን ሳስብ ከልቤ ይቆጨኛል። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ከአልጋዋ ወርዳ መስኮቱን በመዳፏ እየመታች ስትጮህ ነቃን።

«አያቴ! አማዳይ! አማዳይ!»